ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ ስለ ደጋናችን ድምፅ ለአዳኝ ወንድም እህቶቼ

ቨርጂንያ ውስጥ መደበኛው የቀስት አደን የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ጥቂት ቀን ቀርቶናል። እንደ በየዓመቱ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል፦ «የትኛውን ልግዛ? ፈጣኑ የቱ ነው? የዘንድሮው ሞዴል ከአምናው ይሻላል ወይ?» እስከዛሬ ግን አንድም ሰው «ደጋኔን ስስብ ፍላጻው ይንኳኳል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ አልጠየቀኝም። አንድም ሰው!

ስለዚህ ዛሬ ሳልጠየቅ ልመልስ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። የሚቆጣብኝ ይኖራል፤ ይቆጣ፣ ኮሜንት ክፍት ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። በእኛ አፍ «ቀስት» ስንል አንዳንዴ የሚወጠረውን፣ አንዳንዴ ተወርውሮ የሚሄደውን ማለታችን ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ የሚወጠረውን ደጋን፣ የሚሄደውን ፍላጻ እላለሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው። በየዓመቱ ቆስለው ከሚጠፉብን አጋዘኖች ብዙዎቹን የሚያስጠፋን የደጋናችን ቀርፋፋነት አይደለም። ስንስበው የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህንን ድምፅ ማጥፋት ደግሞ የጥቂት ዶላር ጨርቅና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህችን ታህል ሳይሠራ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ሺህ ዶላር የሚያወጣ ደጋን ቢይዝም ለኔ አዳኝ አይደለም፤ አቁሳይ ነው።

ለምን እንዲህ በጠነከረ ቃል ተናገርኩ? ባለፈው ኖቬምበር አንድ ጓደኛዬ (ስሙን አልጠቅስም፣ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል) ከመሸ ደወለልኝ። «መትቻታለሁ፣ ግን አልወደቀችም፣ ና እርዳኝ» አለኝ። ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠብታ በጠብታ ደም ተከተልን። ደሙ ከጫካው ወጥቶ ወደ መኖሪያ ሰፈር ገባ። መጨረሻ ላይ የአንድ ቤት አጥር ሥር ቆመን ቀረን። አንዲት እናት በረንዳ ላይ ልጇን ይዛ ታየናለች። ሁለት ጥቁር ሰዎች፣ በጨለማ፣ ካሞፍላጅ ለብሰን፣ እጃችን ላይ ደም። ምን እንደምታስብ መገመት አያቅትም። በትህትና አስረዳናት፣ ፈቃድ ጠየቅናት፣ ሴትዮዋም ፈቀደችልን። እንስቷን ግን አላገኘናትም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት፦ «ስትመታት ምን እያደረገች ነበር?»

«ሣር እየበላች ነበር። ስስብ ግን ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ቶሎ ለቀቅኩት።»

ስስብ ቀና ብላ አየችኝ። በቃ፣ ታሪኩ ሁሉ እዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። እሱ ግን ጥፋቱን የጣለው ፍጥነት ላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሱቅ ሄዶ ከሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ አዲስ ደጋን በክሬዲት ካርድ ገዛ። ሻጩ ስለ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት አወራለት፤ አንዴም እንኳን «እስቲ ሳበውና እንስማው» አላለውም። አዲሱ ደጋን ላይ የተገጠመው የፍላጻ ማረፊያ ያው የብረት ሹካ ነው። ያው ድምፅ፣ በአዲስ ዕዳ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄ ነው።

አሁን «ፍጥነት፣ ፍጥነት» የምትሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛ፦ «ደጋኔ ፈጣን ከሆነ ብትሰማም አታመልጥም።»

ስልካችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 300 ጫማ የሚወረውር ጥሩ ደጋን ማለት በሰከንድ 91 ሜትር ነው። አጋዘኗ በ30 ያርድ ማለትም በ27 ሜትር ላይ ቆማለች እንበል። የገመዱ ድምፅ በ0.08 ሰከንድ ይደርሳታል፣ ፍላጻው በ0.30። አሁን ዕዳ ገብታችሁ 330 ጫማ የሚወረውረውን ገዛችሁ። ፍላጻው በ0.27 ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ብር የገዛችሁት የሰከንድ ሦስት መቶኛ ነው! ድምፅን የሚቀድም ደጋን የለም፤ ወደፊትም አይኖርም።

በሌላ በኩል ደጋኑን ለመሳብ ሁለት ሰከንድ፣ ለማነጣጠር ሦስት ሰከንድ ይፈጅባችኋል እንበል። ስትስቡ ፍላጻው ብረቱ ላይ «ክርርር» ካለ ለአጋዘኗ አምስት ሰከንድ ሙሉ ማስጠንቀቂያ ሰጣችኋት። ሦስት መቶኛ ገዝቶ አምስት ሰከንድ የሚሰጥ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ስንት ቀን ይከርማል?

ደግሞ ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የእናንተ ፍጥነት አይደለም። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ70 ፓውንድ ጥንካሬ፣ በ30 ኢንች የመሳቢያ ርዝመት፣ 350 ግሬይን ብቻ በሚመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። ስንቶቻችን ነን 30 ኢንች የምንስበው? ክንዳችን አጠር ያለ፣ ፍላጻችን ከበድ ያለ ሲሆን ቁጥሩ ይወርዳል። ማስታወቂያውን አትጠጡት።

ሁለተኛ፦ «ቁም ነገሩ ስትተኩስ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ እኔ ገመዱ ላይ ማፈኛ አስሬያለሁ።»

ጥሩ አድርገሃል፣ አትፍታው። ግን ማፈኛው የሚሠራው መቼ ነው? ፍላጻው ከሄደ በኋላ። አጋዘኗ ስትስብ ሰምታህ ጆሮዋን አቅንታ፣ እግሯን አዘጋጅታ እየጠበቀችህ ከሆነ የኋለኛው ፀጥታ ምን ይረባል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሰውነቷ የሚሠራውን ልብ በሉ። አጋዘን ለመሮጥ ስትነሳ መጀመሪያ ወደ ላይ አትዘልም። እግሮቿን አጥፋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከዚያ ነው የምትስፈነጠረው። አንድ ነገር በራሱ ክብደት ብቻ በ0.15 ሰከንድ 11 ሴንቲ ሜትር፣ በ0.2 ሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሳንባዋ ላይ ያነጣጠራችሁት ፍላጻ ከሳንባው በላይ ሥጋ ላይ ይገባል ማለት ነው። ያ ምት አይገድላትም፤ ወይም ዛሬ አይገድላትም። ተዘናግታ ሣር የምትበላ እንስሳ ለመደንገጥ ጊዜ ያስፈልጋታል። ቀድማ የነቃች ግን ምንም ጊዜ አያስፈልጋትም፤ የገመዱ ድምፅ ለእሷ የሩጫ ፊሽካ ነው። የጓደኛዬም ፍላጻ የሄደው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፦ «የኛ ሰፈር አጋዘን ጫጫታ ለምዷል።»

ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። አዎ፣ የመኪና ድምፅ ለምዷል፣ የሣር ማጨጃ ለምዷል፣ የውሻ ጩኸትም ለምዷል። እነዚህ ግን በየቀኑ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ፣ የሚያውቃቸው ድምፆች ናቸው። ከጭንቅላቱ በላይ፣ በ15 ሜትር ርቀት፣ ፀጥ ባለ ማለዳ «ቅጭል» የሚል ብረት ግን ለምዶ አያውቅም። እናንተስ የሬዲዮ ድምፅ እየሰማችሁ ትተኙ የለም? ሌሊት የበራችሁ እጀታ ቢንቀሳቀስ ግን ትነቃላችሁ። አጋዘን ሁለቱን ጆሮ ለየብቻ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚያዞር ፍጡር ነው። ከእኛ ያነሰ አይሰማም።

አራተኛ፦ «እንግዲያው ራቅ ብዬ እተኩሳለሁ፣ አትሰማኝም።»

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። ስትርቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ግን ፍላጻው አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ አንዲት እርምጃ ብትራመድ ሆዷ ላይ ይገባል። ደጋን የቅርብ መሣሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቀስት አደንን ካነቃቁት ሰዎች አንዱ ሳክስተን ፖፕ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ ያስተማረው ደግሞ ኢሺ የተባለ የያሂ ሕዝብ ሰው ነው። ኢሺ በ1911 ከካሊፎርኒያ ተራሮች ብቻውን ወጥቶ በ1916 ያረፈ፣ የወገኖቹ የመጨረሻ ሰው ነበር። በእጁ የሠራው የእንጨት ደጋን ፍጥነት ከዛሬዎቹ ጋር አይወዳደርም። እሱ ግን ጥንቸሏን በከንፈሩ ድምፅ እየጠራ ወደ ራሱ ያቀርባት ነበር። ዛሬ የምንይዘው ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ ደጋን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1969 ነው፤ የሚዙሪው ሆሊስ አለን የሠራው። መዘውሮቹ ሙሉ በሙሉ ስትስብ አብዛኛውን ክብደት ይሸከሙልሃል። ይህ የተሰጠህ ረጋ ብለህ እንድትጠብቅ እንጂ ከሩቅ እንድትሞክር አይደለም።

እሺ፣ ወቀሳው ይብቃ። መፍትሔው ምንድን ነው?

ከማዳመጥ ጀምሩ። ለአደን የምትለብሱትን ጃኬት ልበሱ፤ ቲሸርት ለብሳችሁ አይደለም። ግቢያችሁ ውስጥ የሚፈቀድ ከሆነ እዚያው፣ ካልሆነ ልምምድ ቦታ ሂዱ። የልምምድ ጫፍ ያለው ፍላጻ ደቅኑ፣ ወደ ዒላማው ብቻ አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ያለ ፍላጻ አትሳቡ፤ ካመለጣችሁ ደጋኑ ይሰበራል፣ እናንተም ትጎዳላችሁ። አንድ ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፣ ወይም ስልካችሁን ደረት ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ቅዱ። ከዚያ በማታ፣ ልጆች ሲተኙ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ብዙዎቻችሁ ትደነግጣላችሁ።

«ክርርር» የሚል የማያቋርጥ ፍትጊያ ከሰማችሁ ፍላጻው ማረፊያው ላይ እየተፋቀ ነው። ማረፊያችሁ ሹካ ዓይነት ወይም ሲተኮስ ወደ ታች የሚወድቀው ዓይነት ከሆነ፣ ፍላጻው የሚነካውን ብረት ወይም ፕላስቲክ በቀጭን ፌልት ጨርቅ ሸፍኑት። ጫማ እግር እንዳይልጥ ፋርማሲ የሚሸጠው ሞልስኪን የተባለው ተለጣፊ ጨርቅም ይሠራል። ለሹካው ደግሞ ኤሌክትሪሻኖች ሽቦ የሚሸፍኑበት፣ ሲሞቅ የሚኮማተረው ላስቲክ አለ። በብሩሽ ፀጉር የተከበበው ክብ ማረፊያ ፍላጻ አይጥልም፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ሲሳብ ግን ፀጉሩ ይፋተጋል። ፍላጻው ላይ ጭቃና አቧራ ካለ ይብሳል። ፍላጻችሁን በጨርቅ ጥረጉ፣ ይህ እንኳን ነፃ ነው።

«ቅጭል» የሚል አንድ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ከሆነ ፍላጻው ከማረፊያው ወርዶ የደጋኑን አካል እየመታ ነው። በብርድ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይህ በጣም ይበዛል። ከማረፊያው ሥርና ዙሪያ ያለውን የደጋን አካል በሙሉ ጨርቅ አልብሱት። ፍላጻው ቢወድቅ እንኳን አልጋ ላይ እንደወደቀ ይሁን።

«ጢጥ» የሚል የሲቃ ድምፅ ከሆነ መዘውሮቹ ወይም ኬብሉ የሚንሸራተትበት ዘንግ ነው። ሽታ የሌለው ደረቅ ማለስለሻ ጥቂት ጠብ አድርጉበት። የምግብ ዘይት እንዳታደርጉ! ሽታውም፣ የሚሰበስበው አቧራም ሌላ ጣጣ ነው። ገመዱ የሚቀባው የራሱ ሰም ነው። መዘውሩን ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ያለ ማሽኑ ከተፈታ አደገኛ ነው፣ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

ድምፁ ከደጋኑ ሳይሆን ከእናንተ ከሆነስ? ናይለን ጃኬት እጅጌው ደረት ሲነካ እንደ ላስቲክ ከረጢት ነው። ፊቱ ለስላሳ የሆነ ልብስ ከላይ ደርቡ። ዚፕ፣ ቁልፍ፣ የደጋኑ ጎን ላይ ያለው የፍላጻ መያዣ፣ ሁሉንም ነቅንቃችሁ ስሙ።

ጨርቁን ካለበሳችሁ በኋላ ሁለት ነገር እንዳትረሱ። ጨርቁ ፍላጻውን በትንሹ ከፍ ስለሚያደርገው ዒላማችሁ ይዛባል፤ ደግማችሁ አስተካክሉ። በጣም ወፍራም ከሆነ ደግሞ የፍላጻውን ክንፎች ይነካል፣ አካሄዱንም ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ጨርቅ ውሃ ይይዛል። ዝናብ መትቶት ሌሊት በረዶ ከሠራ ከብረቱ የባሰ ይንኳኳል። ማጣበቂያውም ይለቃል። በየዓመቱ ቀይሩት፣ ኪሳችሁም ውስጥ ትርፍ ይኑር።

አሁን ኩራታችሁን ልነካ ነው። 70 ፓውንድ ካልሳብኩ ወንድ አይደለሁም የምትሉ አላችሁ። ዛፍ ላይ ለሦስት ሰዓት በብርድ ተቀምጦ የደነዘዘ ጡንቻ 70 ፓውንድ ሲስብ ምን ይሆናል? ደጋኑን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ትከሻውን ያወዛውዛል፣ ትንፋሹን ያሰማል፣ መቀመጫውም ሲጥጥ ይላል። ፍላጻውም በዚያ ግርግር ከማረፊያው ይዘላል። አምራቹ በሚፈቅደው ልክ ብሎኖቹን አላልታችሁ ወደ 55 ወይም 60 አውርዱት። ደጋኑን ዒላማው ላይ እንደያዛችሁ፣ ሳታነሱት ቀጥ አድርጋችሁ ካልሳባችሁት ለእናንተ ከባድ ነው። ፍላጻውን ደግሞ ከበድ አድርጉ። ከበድ ያለ ፍላጻ ደጋኑ ካጠራቀመው ጉልበት የበለጠውን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ነው ንዝረትና ድምፅ የሚሆነው። ስለዚህ 450 ግሬይን ማለትም 29 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ ከ350ው ይዘገያል፣ ግን ደጋኑ ፀጥ ይላል። እኔ ሁልጊዜ ፀጥታውን እመርጣለሁ።

በመጨረሻም ጊዜውን ምረጡ። የምትስቡት ጭንቅላቷ ከዛፍ ጀርባ ሲጋረድ ወይም ወደ ሌላ ስትዞር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀና ብላ ካየቻችሁ ደግሞ አትልቀቁት። ጠብቁ። ካልተረጋጋች ፍላጻውን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ያልተተኮሰ ፍላጻ ማንንም አያቆስልም።

«የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ከዚያ በፊት ፍሪዘሬን መሙላት አለብኝ» የሚል ጥድፊያ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ሥጋ እወዳለሁ። ግን ጾም ለመያዝ የሚጣደፍ ሰው እንስሳ አሠቃይቶ ቢገባበት ምን ዓይነት ዝግጅት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሰሜን ቨርጂንያ አብዛኞቻችን ደጋን የያዝነው ቤት በበዛበት ቦታ ጠመንጃ ስለማይቻል ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ አጋዘን ለመቀነስ በፓርኮቹ ውስጥ የቀስት አደን ፕሮግራም አለው፤ ለመግባትም የዒላማ ብቃት ማሳየት ይጠየቃል። ጥሩ ነው። ግን ያ ፈተና የሚለካው ፍላጻው የት እንዳረፈ ነው። ጆሮ ያለው ዒላማ ላይ አንፈተንም። የቀረውን ፈተና ራሳችን ለራሳችን መስጠት አለብን። እዚያ የምንገባው በጎረቤት ትዕግሥት ነው። ፍላጻ የተሰካባት አጋዘን የሰው ግቢ ገብታ ስትሞት የሚያዩት ልጆች ናቸው፤ ቀጥሎ ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጡት ወላጆቻቸው ናቸው። ያን ጊዜ የማን ደጋን ስንት ጫማ ይወረውር እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜው ድረስ የቤት ሥራ ሰጥቻችኋለሁ። ካታሎጉን ዝጉት። አንድ ጥቅል ፌልት ግዙ። ደጋናችሁን ስትስቡ ድምፁን ቅዱና ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ከየት እንደሚመጣ አብረን እንፈልገዋለን። ደጋኑ አዲስ ይሁን አሮጌ ግድ የለኝም። ለሚያድን ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ዘንድሮ አዲስ ደጋን ሊገዛ ለተነሳው።

ዛፍ ላይ ስትወጡ ቀበቷችሁን እሰሩ። መልካም የአደን ወቅት ይሁንላችሁ፤ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።